እግርና ከበሮ፦ በሙዚቃ ታግዞ የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ማዝለቅ

ጎጃም ውስጥ በደቦ ጤፍ ሲታጨድ ያየ ሰው ሙዚቃ ለድካም ምን እንደሚያደርግ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ብቻውን ቢሆን ከእኩለ ቀን በፊት ወገቡን ይዞ የሚቀመጠው ሰው ከባልንጀሮቹ እኩል ማሳው ዳር ይደርሳል። በዚያ ማሳ ላይ ዜማው የሚመረጠው ከክንድ እንቅስቃሴ ጋር ስለሚስማማ እንጂ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ በየማለዳው በእግር መጓዝና ሶምሶማ መሮጥ ከጀመርሁ ወዲህ ዘግይቶ የገባኝ ጉዳይም ይኸው ነው፦ የእንቅስቃሴ ዘፈን መጀመሪያ በእግር ይመረጣል፣ የልብ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው፣ ምንም ሳያዳምጡ፣ በሚመችዎ ፍጥነት ይራመዱ፤ ሰውነትዎ ሲሟሟቅ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደረገጡ ቆጥረው በ4 ያባዙት። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 130 እርምጃ ሲሆን፣ ሶምሶማ ደግሞ ከ150 እስከ 170 አካባቢ ይደርሳል። ቀጥሎ ቤትዎ ተቀምጠው የሚወዷቸውን ዘፈኖች በዚሁ መንገድ ይቁጠሩ፤ የሚቆጠረው የድምፃዊው ቃል ሳይሆን የከበሮው ወይም የቤዝ ጊታሩ ከባድ ምት ነው። ከእርምጃዎ ጋር የሚቀራረበውን ዘፈን ለዚያ እንቅስቃሴ ይለዩት። ከእርምጃዎ በሁለትና በሦስት ምት የሚፈጥን ዘፈን ሳይታወቅዎ እግርዎን ያፈጥነዋል፤ በ15 የሚፈጥን ግን ያደናቅፍዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም።

እዚህ ላይ የእኛን ሙዚቃ የሚመለከት አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት፣ የጎጃም እስክስታም በአብዛኛው የሚጨፈርበት ምት፣ ስድስት ትናንሽ ምቶች በሦስት በሦስት ተከፍለው ሁለት ከባድ ምት የሚሰጡበት ነው። እግርዎ በእያንዳንዱ ከባድ ምት ላይ አንድ ጊዜ የሚያርፍ ከሆነ ችክችካ ለፈጣን የእግር ጉዞ እጅግ የተመቸ ነው፤ ትከሻም ሳይጠሩት አብሮ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ የሚመጣው በሩጫ ነው። ከባድ ምቱ በደቂቃ 80 በሆነ ዘፈን 160 እርምጃ መሮጥ የሚፈልግ ሰው በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ መርገጥ ይኖርበታል፤ ሦስት ትናንሽ ምቶች ደግሞ ለሁለት እኩል ስለማይከፈሉ ሁለተኛው እርምጃ ምንም ድምፅ በሌለበት ቦታ ላይ ይወድቅና ሯጩ የሚያነክስ ያህል ይሰማዋል። ለረጅም ጊዜ ጫማዬን ስወቅስ የኖርሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ለሶምሶማ ምታቸው በሁለትና በአራት እኩል የሚከፈል ዘፈኖችን፣ ለእግር ጉዞና ለማሟሟቂያ ደግሞ ችክችካውን እንዲመድቡ እመክራለሁ። ከመውጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ዘፈን ሙሉ እስክስታ ቢመቱ አንገት፣ ትከሻና ደረት ከማንኛውም ማፍታቻ ባልተናነሰ ይፍታታሉ።

እርምጃን ከምት ጋር ማስተካከል የጀማሪ መደገፊያ ብቻ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በእንግሊዟ በርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን ሲሰብር፣ በድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅ በጠየቀው ዘፈን ምት ላይ እርምጃውን እየጣለ እንደነበር በስፋት ይታወቃል። ዛሬ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ተወዳዳሪ በውድድር ሜዳ ላይ ማጫወቻ መሣሪያ ይዞ እንዳይሮጥ የሚከለክለው መሣሪያው እንደ እርዳታ ስለሚቆጠር ነው፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ካለ ከልምምዱ የተወሰነውን ያለ ሙዚቃ ማድረግ ይገባዋል።

ሙዚቃ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ኮስታስ ካራጊዮርጊስና ባልደረቦቻቸው እንደሚያስረዱት፣ በቀላልና በመካከለኛ እንቅስቃሴ ጊዜ ሙዚቃ ሐሳብን ከድካም ላይ ስለሚያነሣ ድካሙ ያነሰ ይመስለናል፤ እንቅስቃሴው እጅግ ሲከብድ ግን የልብና የሳንባ ጩኸት ከዘፈኑ ስለሚበልጥ ስሜትን ከማነቃቃት አልፎ ድካሙን ሊሸፍን አይችልም። ከባሕር ዳር ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣ ሰው ይህን በራሱ ደረት ያረጋግጣል። በዐባይ ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይ በዘፈን ተሻግሮ ዳገቱ ላይ ሲደርስ፣ ትንፋሹን እንጂ ዘፈኑን መከተል አይኖርበትም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ በአንዱ የተዘጋጀ የዘፈን ዝርዝር በሌላው ሊፈጥን ስለሚችል ወደ ደጋ የሄደ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝግ ያሉትን ይምረጥ።

ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ዘፈኖችን እንደ ሰዓት መጠቀም ይቻላል። አንድ ዘፈን አምስት ደቂቃ ያህል ከፈጀ ስምንቱ አርባ ደቂቃ ናቸው፤ ሁለቱ ለማሟሟቂያ፣ አምስቱ ለዋናው ጉዞ፣ የመጨረሻው ለማቀዝቀዣ ይሆናል። በየደቂቃው ሰዓት ከማየት «ይህ ዘፈን እስኪያልቅ» ማለት ይቀላል። ከሁሉ የሚወዱትን መጀመሪያ ላይ አያባክኑት፤ ስንፍና የሚመጣበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ያለውን፣ አውቀው እዚያ ያስቀምጡት። ኔትወርክ ስለሚቋረጥ ዘፈኖቹን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዷቸው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዘፈን የማይሰሙ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ ወቅት ልምዱ እንዳይቋረጥ ምታቸው በግልጽ የሚቆጠር መዝሙሮች ለእግር ጉዞ ይበቃሉ። በገናን ግን ለዚህ እንዲጠቀሙበት አልመክርም፤ በገና ተቀምጠው በጸጥታ የሚሰሙት የጸሎት መሣሪያ ነው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰውም በባዶ ሆድ ከመሮጥ በዝግታ መራመድ ይሻለዋል።

ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ በአስፋልት ዳር መሄድ አደገኛ ነው። እኔ ራሴ አንድ ማለዳ ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ ልብሴን ነክቶኝ እስኪያልፍ ድረስ ድምፁን አልሰማሁም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመንገድ በኩል ያለው ጆሮዬ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ድምፁም ከስልኩ አቅም 60 በመቶ ባያልፍ ለጆሮ ይበጃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ይህ ጊዜ በፍጥነት ያጥራል።

ከአልጋ መነሣት ለሚከብድዎ ደግሞ አንድ ዘፈን ለይተው ያስቀምጡ። ያንን ዘፈን በታክሲም፣ በሠርግም፣ በሌላ ቦታም በፈቃድዎ አይክፈቱት፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የጫማዎን ክር ሲያስሩ ብቻ ይክፈቱት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መግቢያው ገና ሲሰማ እግርዎ ጫማውን መፈለግ ይጀምራል።