ቢጫውን ሶኬት ከመንካታችሁ በፊት

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን ከመመታት የሚከላከል ከረጢት) ያለበትን መሪ ልፈታ ስል ግን ዛሬም ሰዓቴን አውልቄ ፊቴ አስቀምጣለሁ። ባትሪው ተነቅሎም ኤርባጉ ሊፈነዳ ይችላላ! በኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ ካፓሲተር አለ። በግጭት ባትሪው ቢቋረጥ እንኳ ኤርባጉን የሚያስነሳ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍታችሁ ንቀሉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ጫፉ ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሉት። ከዚያ ጠብቁ። የመጠበቂያው ጊዜ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ማኑዋሉን እዩ። እኔ 3 ደቂቃ የሚል ማኑዋል ይዤም 10 ሳይሞላ አልነካም።

የኤርባግ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ወደዚያ ሶኬት ሲያስጠጋ ደረስኩበት። «ኦሙን ልለካ ነው» አለኝ፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን ማለቱ ነው። እጁን ያዝኩት። ቴስተር ኦም የሚለካው ከራሱ ባትሪ ትንሽ ከረንት ልኮ ነው። ያቺ ትንሽ ከረንት ኤርባጉን ልታቀጣጥለው ትችላለች። ኤርባግ ደግሞ በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይነፋል፤ ዓይን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም። ብልሽት ከጠረጠራችሁ የኤርባጉ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ በስካነር (በኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) አንብቡ።

የተፈታውን ኤርባግ ስትሸከሙ ሽፋኑ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይዙር። ጠረጴዛ ላይ ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ምንም ነገር አትደርቡበት። ተደፍቶ ቢፈነዳ ብረቱ ራሱ ይወነጨፋል። መሪውን የምትፈቱት ጎማዎቹ ቀጥ ካሉ በኋላ ነው። ከመሪው ሥር ያለው ጥቅል ገመድ ከመሐሉ ከተዛነፈ መሪው ሲዞር ሊበጠስ ይችላል።

ቀበቶውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በብዙ መኪና ውስጥ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ስቦ የሚያጠብቀው ፕሪቴንሽነርም እንደ ኤርባጉ በፈንጂ ነው የሚሠራው። መጠንቀቂያው አንድ ነው። አንዴ ከተኮሰ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጨርቁን እስከ መጨረሻው ሳቡትና ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት። የተላላጠ፣ የተቆረጠ ወይም የተቃጠለ ክር ካገኛችሁ ስፌት አያድነውም፤ ሙሉው ይቀየር። ከቆሸሸ በለስላሳ ሳሙናና ውኃ እጠቡት፤ በረኪና ክሩን ያደክመዋል። ሳይደርቅ እንዲጠቀለል አትልቀቁት።

ሁሉንም መልሳችሁ ስትገጥሙ ባትሪው የመጨረሻ ነው። ወንበር ላይ ሰው አይኑር። ቁልፉን ስታዞሩ ከኤርባጉ ፊት ገለል በሉ። የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ ብልሽት አለ። ጨርሶ ካልበራም ዝም አትበሉ፤ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላልና ዳሽቦርዱን ፈታችሁ እዩ።