ሮበን ደሴትን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት

ኬፕታውን ከሄዳችሁ የቀድሞው እስር ቤት ያለበትን የሮበን ደሴት ጉብኝት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዙት። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባው ይሰረዛል፤ ትርፍ ቀን ከሌላችሁ ሳታዩት መመለሳችሁ ነው። ትኬት ቀደም ብላችሁ በኦንላይን ቁረጡ። የጀልባው መነሻ የከተማዋ ወደብ አካባቢ የሆነው ዋተርፍሮንት፣ ኔልሰን ማንዴላ ጌትዌይ ነው። ውሃው ላይ ነፋሱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ፀሐይ ብትሆንም ጃኬት ያዙ።

ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት እዚህ ነው። ክፍላቸው በጣም ጠባብ ናት፤ ሰው ሁሉ በሯ ላይ ለፎቶ ይጋፋል። እናንተ ግን ከአስጎብኚው አትራቁ። እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ዕድል ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኙትም። ምግብ እንኳ በዘር ተለይቶ ይታደል ነበር፤ ስለሱ ጠይቋቸው። ደብዳቤ እንዴት ይደርሳቸው እንደነበረም ጠይቁ፣ ብዙ ያወሯችኋል።