ማውስ ላይ የንብረት ቁጥር አትለጥፉ

ጎንደር ውስጥ ቢሮ አይቲ ወይ ንብረት ክፍል የምትሰሩ፣ ማውስ ኪቦርድ ቪጂኤ (የስክሪን) ገመድ ምናምን አንድ በአንድ ኤክሴል ላይ እየመዘገባችሁ አትድከሙ፣ ስቲከሩ ሳይላጥ ማውሱ ይሞታል። እንደ ወረቀትና እስክሪብቶ አላቂ ዕቃ አድርጉትና ስንት ገባ ስንት ወጣ ብቻ ያዙ፣ አዲስ የፈለገ የተበላሸውን መልሶ ይውሰድ። ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ስቶር ይኑር፣ ለአንድ ማውስ ብሎ የግዢ ጥያቄ ፈርሞ አስፈርሞ ፒያሳ ድረስ ሰው መላክ ከዋጋው በላይ ነው እኮ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለትንሽ ጊዜ የሚያቆየው) ግን ይለያል። ውስጡ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው፣ በደህናው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚህ የገባበትን ወርና ዓመት በማርከር ጎኑ ላይ ጻፉበት (በኛ ይሁን በፈረንጅ አንዱን ምረጡ፣ ከተደባለቀ የ7 ወይ የ8 ዓመት ልዩነት ነው የሚያመጣው 😄)። ሲደክም ባትሪውን ብቻ ቀይሩ፣ ሙሉ ዩፒኤስ አትጣሉ።

ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ዋጋው ቢረክስም በስም አስፈርማችሁ ስጡ፣ የሚጠፋው ዕቃው ሳይሆን ውስጡ ያለው ፋይል ነው።