የፔኒሲሊን ዓይነቶችን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር በየወሩ ለመርፌ ወደ ጤና ተቋም የሚመላለስ የልብ ሕመምተኛ፣ የእሱ መርፌ (ቤንዛቲን ፔኒሲሊን) ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች በየጥቂት ሰዓቱ ከሚሰጠው (ክሪስታሊን ፔኒሲሊን) ይበረታል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ባለሙያ ሲያምነው ግን አደገኛ ነው። ቤንዛቲን፣ ፕሮኬንና ክሪስታሊን ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም ፔኒሲሊን ጂ ናቸው፤ የሚገድሉትም የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ በማሰናከል ነው። የሚለያዩት በደም ውስጥ በሚኖራቸው መጠንና ቆይታ ነው። ክሪስታሊን ፈጥኖ ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርስና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኩላሊት ይወገዳል፤ ፕሮኬን አንድ ቀን ያህል፣ ቤንዛቲን ደግሞ በዝቅተኛ መጠን ለሳምንታት ይቆያል። ይህ ዝቅተኛ መጠን ቶንሲል ለሚያስከትለው ስትሬፕቶኮከስ ስለሚበቃ፣ የሩማቲክ ትኩሳት (ከቶንሲል በኋላ የሚመጣና ልብን የሚጎዳ ሕመም) እንዳያገረሽ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። በማጅራት ገትር ጊዜ ግን ወደ አንጎልና ሰረሰር ፈሳሽ በበቂ መጠን ስለማይገባ፣ ተህዋሲው በላቦራቶሪ ለፔኒሲሊን የሚበገር መሆኑ ብቻ ቤንዛቲንን አያስመርጥም። ረጅም ቆይታን እንደ ብርታት መቁጠር የስህተቶቹ ሁሉ አውራ ነው። (ቤንዛቲን በደም ሥር ፈጽሞ እንደማይሰጥም እግረ መንገዴን ላሳስብ፤ ልብን ሊያቆም ይችላል።)

በላቦራቶሪ በኩል የሚታየው ስህተት፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በሚቀመጡ፣ መድኃኒት በያዙ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች (ዲስኮች) ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ ለክቶ ሰፊው ያሸንፋል ማለት ነው። የክቡ ስፋት መድኃኒቱ በአጋሩ (ባክቴሪያው በሚበቅልበት ጄል) ውስጥ በሚሰራጭበት አቅምና በዲስኩ ላይ ባለው መጠን ጭምር ስለሚወሰን፣ እያንዳንዱ ውጤት መመዘን ያለበት ለዚያው መድኃኒትና ለዚያው ባክቴሪያ በተቀመጠው ወሰን ነው። የአጋሩ ውፍረት ከ4 ሚሊሜትር ሲያንስ ወይም የባክቴሪያው ብጥብጥ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የብጥብጥ ድፍርስነት መለኪያ) ሲቀጥን ክቡ ያለአግባብ ይሰፋል።

አዲሱን ወይም ብዙ ተህዋሲ የሚነካውን ሁልጊዜ መምረጥም እንዲሁ ያሳስታል። ክሎክሳሲሊን ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስለማይበግረው ስታፊሎኮከስ ለተባለው ባክቴሪያ ይመረጣል፤ በስትሬፕቶኮከስ ላይ ግን ነባሩ ፔኒሲሊን ይበልጠዋል። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን በባክቴሪያ ላይ ያላቸው ሥራ ተቀራራቢ ሲሆን፣ አሞክሳሲሊን የሚመረጠው በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት የተሻለ ስለሚመጠጥ ነው። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ በተፈጥሮው ሁለቱንም ስለሚቋቋም የካፕሱሉን ቁጥር ማብዛት ትርፉ ተቅማጥ ብቻ ነው።