በየክረምቱ አፉን የሚከፍት ጉድጓድ፦ የደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ችግርና መፍትሄ

ጉድጓዱ ጥቅምት ላይ ይደፈናል። ሐምሌ ላይ እዚያው ቦታ አፉን ይከፍታል። ደሴ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። እንዲህ ያለ ጥገና ወባ የያዘውን ሰው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እንደማበስ ነው። ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርዳል፣ ወባው አለ። እስኪ ከምልክቱ እንነሳ።

ተደፍኖ የሚመለስ ጉድጓድ

ቀድሞ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። አስፋልቱ ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ጠጠር ነው። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ጠጠሩን ካላላው፣ ጎማ በረገጠው ቁጥር ጭቃው እየተጨመቀ ይወጣል። አስፋልቱ ሥሩ ባዶ ይሆንና ይሰበራል።

ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት እንደሚሄድ እዩ። ቦዩን ትቶ በመንገዱ ላይ የሚወርድ ከሆነ ቦዩ ተደፍኗል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። የቀረውን እኛ በሃይላንድ ኮዳ እንሞላዋለን።

ቦይ ለመጥረግ ሰኔን መጠበቅ አያዋጣም። ወሎ በልግም አለው። አንዴ ጥር ላይ፣ አንዴ ግንቦት ላይ መጥረግ ነው። ጉድጓዱን ሲደፍኑ ደግሞ የላላውን በሙሉ አውጥቶ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ሬንጅ ቀብቶ፣ በደንብ መጠቅጠቅ። ውሃ በቋጠረ ጉድጓድ ላይ አስፋልት መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው።

መንገዱን አቋርጦ የሰመጠ መስመር

ይህ የቧንቧ ወይም የኬብል ቁፋሮ ጠባሳ ነው። እኛ ሰፈር አንዱ ቆፍሮ፣ አፈሩን በአንድ ጊዜ መልሶ፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሄደ። እስካሁን ባጃጅ እዚያ ሲደርስ ይዘላል። መፍትሄው እንደገና ከፍቶ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር በሚሆን ንብርብር እርጥበቱን መጥኖ እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት፣ በኋላ ቧንቧ ወይም ኬብል የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ አሻግሮ ቀብሮ ማለፍ ነው።

ሐረጎ ዳገት ላይ የጎማ ቦይ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የሐረጎ ዳገት የሚገኝበት በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከባድ መኪና ዳገቱን የሚወጣው እያዘገመ ስለሆነ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ይቆያል፤ አስፋልቱም ጎማ በሚረግጠው መስመር እንደ ቦይ ይሰረጉዳል። ጭነት ሲጨምር ደግሞ ጉዳቱ እኩል አይጨምርም። መሐንዲሶች በግምት በአራተኛ ርቢ ያሰሉታል፦ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) 13 ቶን የጫነ፣ 10 ቶን ከጫነው ሦስት እጥፍ ገደማ ይጎዳል። ላዩ ላይ ሌላ አስፋልት መደረብ ብቻውን አይበቃም። የተበላሸውን ፍቆ በጠንካራ ሬንጅ መሥራት፣ የመኪኖችን ጭነት የሚመዝነውን የሚዛን ቁጥጥርም ማጥበቅ ያስፈልጋል።

በገደል በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሚንሸራተተው መሬቱ ራሱ ነው። ደሴ የመሬት መንሸራተትን አሳምራ ታውቀዋለች። ስንጥቁን ውሃ እንዳይገባው ለጊዜው ድፈኑት፣ ከባድ መኪና አርቁ፣ ለመሐንዲስ ተናገሩ። ዘላቂው ሥራ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ማስቀየስ ነው፤ ግንብ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ከዚያ በኋላ ይመጣል። የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ አቁሮ ራሱ ይገፋል።

ተቆፍሮ የቀረ መንገድ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወሰን ማስከበር ነው፦ ያልተነሳ ፖል፣ ካሳው ያልተከፈለ አጥር፣ የዘገየ ክፍያ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመቆፈር፣ ነፃ የሆነውን ክፍል ብቻ ከፍቶ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል።

መንገዱ አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገስ? የርክክቡን ቀን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሥራ ጉድለቱን የሚያስተካክለው ኮንትራክተሩ በራሱ ወጪ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ያለው ክረምት አንድ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ፎቶ አንሱ፣ ቦታና ቀን ጻፉ፣ በደብዳቤ አስገቡ። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር ማስመታት እንዳትረሱ።