ያገቡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ የማይጠቀሙበትን ምክንያት ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስህተቱ የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ባለትዳሮች መካከል መከላከያ የማይጠቀሙትን ሁሉ ደምሮ «አገልግሎቱ ያልደረሳቸው» ማለት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግን ወዳና ፈቅዳ ያረገዘች፣ ልጅ የምትፈልግ፣ የመውለጃ ጊዜዋ ያለፈም አለች። ያልተሟላ ፍላጎት አላት የሚባለው በዋናነት ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ አለዚያም ከእንግዲህ ጭራሽ መውለድ ሳትፈልግ ምንም ዘዴ የማትጠቀመው ናት።

ሁለተኛው፣ የሁሉም ነገር ምክንያት ትምህርት ነው ማለት። የተማረች ሴት በብዙ አገር የተሻለ ትጠቀማለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን እሷው ዘግይታ ያገባች፣ የራሷ ገቢ ያላትና ከተማ የምትኖርም ልትሆን ትችላለች። በባንግላዴሽ ማትላብ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሠለጠኑ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ምክርና መከላከያ ሲያቀርቡ፣ ፊደል ያልቆጠሩትም ተጠቃሚ ሆነዋል።

«ዕድሜ ሲጨምር ተጠቃሚነት ይጨምራል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አዲስ ሙሽራ ቶሎ እንድትወልድ ስለሚጠበቅባት ብዙም አትጠቀምም፤ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለችው ደግሞ «ከእንግዲህ አላረግዝም» ብላ ትተወዋለች። ወንድ ልጅ በሚመረጥበት ማኅበረሰብ የልጆቹን ብዛት ብቻ መጠየቅም አይበቃም፤ ሴቶች ብቻ የወለደችው አራት ወልዳም ላታቆም ትችላለች።

ሃይማኖትን ምክንያት አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ይሁን እንጂ ካቶሊክ የሚበዛባት ጣሊያንም ሆነች ሙስሊም የሚበዛባት ኢራን የወሊድ መጠናቸው ዝቅተኛ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ያለው ባልን በተመለከተ ነው። «ባልሽ ይስማማል?» ተብላ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ የባሏ ሐሳብ ተደርጎ ይመዘገባል። ጉዳዩን አንድም ቀን አንስተውት ካላወቁ ግን የምትናገረው ግምቷን ነው። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ከሆነማ መልሱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ስለማይተው፣ በምስጢር እየወሰደች «አልጠቀምም» የምትልም አለች። በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ በተደረገ ጥናት፣ የወሊድ መከላከያ አገልግሎት የሚያስገኝ ኩፖን ለሚስት ለብቻዋ ሲሰጥ ባሏ ባለበት ከሚሰጣት ይልቅ ብዙዎች ተጠቅመውበታል፤ በተለይ ሊደበቁ የሚችሉትን ዘዴዎች መርጠዋል። «ባሎችን እናሳትፍ» መባሉን አልቃወምም፤ ሴትየዋን ለብቻዋ ሳያናግሩ መጀመሩ ግን አይዋጥልኝም።

በመጨረሻ፣ የጎንዮሽ ጉዳትን ፍርሃት «አሉባልታ» ብሎ መናቅ። መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው የወር አበባን ያዛባሉ፤ ሊያበዙት፣ ሊያቆራርጡት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ። «መርፌ መካን ያደርጋል» የሚለው ሐሰት ቢሆንም መነሻ አለው፤ መርፌ ካቆሙ በኋላ ማርገዝ ከሌሎቹ ዘዴዎች በወራት ሊዘገይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ባለሙያ ከሌለ የጎረቤቷን ብታምን ምን ይደንቃል? መጠይቁ ላይ ግን «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይሞላላታል። ጀምራ ያቋረጠችውም ጨርሶ ካልሞከረችው ጋር አንድ ላይ ትቆጠራለች፤ እሷ የሚያስፈልጋት ግን ሌላ ዘዴ እንጂ ስለ ጥቅሙ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም።