እንጀራ ቀንሶ ሥጋ መብላት፦ ጎንደር ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

አጎቴ ስኳር እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። የሚኖሩት አዘዞ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ምክር አነበበላቸው። እንጀራ ይተዉ፣ ሥጋና ቅቤ ይብሉ፣ ስኳሩ ይጠፋል የሚል ነው። አጎቴ አንዴ ከቆረጡ ቆረጡ ነው። በማግስቱ እንጀራ አቆሙ። የስኳር ኪኒናቸውን ግን እንደ ወትሮው መዋጥ ቀጠሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የልጃቸው ስም ጠፋባቸው። ጎረቤት የምትኖር ነርስ ደርሳ ስኳር በውሃ በጥብጣ ባታጠጣቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ አመጋገብ ሳነብ፣ ሐኪሞችን ስጠይቅ፣ ራሴም ስሞክረው ቆይቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በየሥጋ ቤቱና በየቡናው "ካርቦ አቁሜያለሁ" የሚል ሰው በዝቷል፤ የሚሠሩት ስህተቶች ደግሞ ተመሳሳይ ናቸው።

አመጋገቡ ራሱ ከንቱ አይደለም። ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ውስጥ ያለውን፣ መቀነስ በተለይ ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ሰው የደም ስኳርን ያወርዳል። ክብደትም ያስቀንሳል። ተአምር ግን የለውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ ቅባት ቀነሱ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀነሱ። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ውጤት ተቀራራቢ ሆነ፤ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከሳህኑ ላይ ካነሳነው ነገር ነው። ሥጋው የሚመጣው ባዶውን ቦታ ሊሞላ ነው።

መድኃኒት እየወሰዱ ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር

ይህን ያስቀደምኩት ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው። ኢንሱሊንም ሆነ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒና የሚታዘዘው እናንተ በየቀኑ የምትበሉትን እንጀራ ታሳቢ አድርጎ ነው። እንጀራው ሲቀር መድኃኒቱ የሚያወርደው ስኳር ያጣል፤ የደም ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ አደጋ ነው። ምልክቶቹ አጎቴ ላይ የታዩት ናቸው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፤ ልብም በኃይል ሊመታ ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ሰውየው መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጡና አጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒና ብቻውን ሲወሰድ ይህን ችግር እምብዛም አያመጣም። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው። ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስ ደም በአሲድ ሊሞላ ይችላል፤ ያውም የስኳሩ ልኬት ብዙም ሳይጨምር። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ። በዚህ አመጋገብ ሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያወጣ ግፊቱ ይወርድና ከመቀመጫ ስትነሱ ዓለም ትዞርባችኋለች።

የኩላሊት ሕመም ወይም ሪህ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ሐኪም አይሞክሩት። ልጆችን ደግሞ ከነአካቴው አታስገቧቸው።

ሥጋ ስለጨመሩ ካርቦሃይድሬት የቀነሱ መምሰል

በጣም የተለመደው ስህተት ይኸኛው ነው። ግማሽ ኪሎ ጥብስ ይታዘዛል። ጥብሱ በሁለት እንጀራ ይበላል። ላዩ ላይ ቢራ ይጠጣል። ከዚያ "ዳይት ላይ ነኝ" ይባላል። ይህ ድሮ ከሚበላው ላይ ሥጋ መደረብ ነው።

እስቲ እንቁጠረው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ትልቅ እንጀራ ብቻውን በቀላሉ ከ50 ግራም ያልፋል። ጠበቅ ያለው አመጋገብ፣ ኬቶ የሚባለው፣ ለሙሉ ቀን የሚፈቅደው ከ20 እስከ 50 ግራም ነው። ለዘብ ያለው ደግሞ በቀን ከ130 ግራም በታች ይላል። ስለዚህ በአንድ እንጀራ የአንዱ ሕግ ፈርሷል፣ በሁለተኛው የሌላውም ሊያልቅ ተቃርቧል።

ስሙ ሥጋ የሆነ ምግብ ሁሉ ሥጋ አይደለም። ጠዋት ፒያሳ ቋንጣ ፍርፍር አዝዛችሁ ሥጋ የበላችሁ ይመስላችኋል። ሳህኑ ላይ ያለው ግን ባብዛኛው እንጀራ ነው። ቦዘና ሽሮም ሥጋ ጣል የተደረገበት ሽሮ ነው።

ከዚያ የማይቆጠረው አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታችሁ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ካደረጋችሁ 24 ግራም ገደማ ስኳር ወስዳችኋል። ለቡና ቁርሱ የሚቀርበው ቆሎ ከዚህ ውጭ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ጠጅም ማር ነው። ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይቆጠርም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ያው ስኳር ነው።

እኔን የረዳኝ በቅደም ተከተል መቀነስ ነው። መጀመሪያ ስኳርና ለስላሳ። ቀጥሎ ዳቦ፣ ብስኩትና ቆሎ። እንጀራውን መጨረሻ ላይ፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ። አንድ የስነ ምግብ ባለሙያ ያለችኝን አልረሳውም፦ "እንጀራውን እንደ ማንኪያ ተጠቀምበት።" ትንሽ ቆርሶ ብዙ ወጥ መጠቅለል ማለቷ ነው።

ጤፉን በዳጉሳ ወይም በማሽላ መቀየር

ብዙዎች ይህን ያደርጉና ቀነስን ይላሉ። ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ገብስ ሁሉም እህል ናቸው፤ የካርቦሃይድሬት መጠናቸው ከጤፍ ብዙም አይርቅም። የሚለወጠው ዓይነቱ ነው፣ ልኩ ያው ነው።

ጎመኑን አብሮ መተው

"ሥጋ ብቻ" የሚለው አካሄድ አሁን በየስልኩ አለ። የሚጠቅሱት ታሪክም አላቸው። ቪልያልሙር ስቴፋንሰን የተባለ የአርክቲክ አሳሽ በ1928 እ.ኤ.አ. ከባልንጀራው ጋር ኒውዮርክ ውስጥ በሐኪሞች ክትትል ሥር ገብቶ ለአንድ ዓመት ሥጋ ብቻ በላ። ጤነኛ ሆኖ ወጣ። የማይጠቀሰው ግን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ቅባት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ታሞ ነበር። የተሻለው ቅባት ሲጨመርለት ነው። ይበሉ የነበረውም ጭቅና ብቻ አልነበረም፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎል፣ መቅኔም ነበረበት። ደግሞም የሁለት ሰው ታሪክ ለእኛ ሁሉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እኔ ያየሁት ሰው ጎመን ሲተው በመጀመሪያው ሳምንት ሆዱ ይደርቃል። ሥጋ ውስጥ አሰር (ፋይበር) የለም። ቫይታሚን ሲም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱንም ጎመን፣ ቆስጣና ቃርያ ይሰጣሉ፤ ካርቦሃይድሬታቸውም ትንሽ ነው። ቅዳሜ ገበያ ጎመን ሞልቷል። ለዚህ አመጋገብ ከሁሉ የሚስማማው ምግብ እናቶቻችን ድሮ የሠሩት ጎመን በሥጋ ይመስለኛል።

ሥጋ በየቀኑ መግዛትም ለብዙ ቤት አይቻልም። አባት ለጤናዬ ብሎ የቤቱን ገንዘብ ሥጋ ላይ ጨርሶ ልጆቹ እንጀራ በበርበሬ የሚበሉበትን ቤት አውቃለሁ፤ ልቤን ነው ያመመኝ። እንቁላል አለ፤ አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አይብ አለ። ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና ዓሣ አለ፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ካርቦሃይድሬት የላቸውም ማለት ይቻላል። በሥጋ ፈንታ እነዚህን ማፈራረቅ ይቻላል።

ጥሬውን ማዘውተር

ቁርጥ እንደምንወድ አውቃለሁ። እኔም እወዳለሁ። ግን በዓል ሲመጣ መብላትና በሳምንት አምስት ቀን መብላት ለየቅል ነው። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ከትሉ ሌላም በጥሬ ሥጋ የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። ቅርጫ ስትገቡ በሬው በሐኪም እንዳልታየ አስቡ። ከሥጋ ቤት ስትገዙ የቄራ ማህተም ያለበትን ጠይቁ። ለዕለት ምግብ ግን ውስጡ ድረስ የበሰለ ጥብስና ቅቅል ይበጃል፤ ለብ ለብ ያለ ክትፎም ጥሬ ነው።

ጾሙን ሳያስቡ መጀመር

የውጭ ሰው የጻፈው ምክር እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15። ሥጋና ቅቤ ላይ የቆመ አመጋገብ ለእነዚህ ቀናት መልስ የለውም።

ብዙ ሰው ፋሲካን ጠብቆ ይጀምራል። 55 ቀን ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ በአንድ ጠዋት ቅቤና ጮማ ይወርድበታል፤ ተቅማጡና የሆድ ቁርጠቱ ከዚያ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ጾም ይገባል፤ እንጀራው በሙሉ ይመለሳል። ስኳር ላለበት ሰው ይህ መዋዠቅ ከባድ ነው። ሐኪሙ በሥጋው ወቅት መድኃኒቱን ቀንሶለት ከሆነ፣ ጾም ሲገባና እንጀራው ሲመለስ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የጾሙን ቀናት አብራችሁ ንገሩ። ሳትጠየቁ ንገሩ።

በጾም ኬቶ ለመያዝ አትጨነቁ። ለዘብ ያለውን ያዙ፦ እንጀራው ግማሽ፣ ጎመኑ ብዙ፣ ሽሮውና ምስሩ በልክ። ሱፍ፣ ለውዝ፣ የሁመራ ሰሊጥ፣ ተልባ ያጠግባሉ፤ አቮካዶም እንዲሁ። ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ያንን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ ቴምሩንና ሳምቡሳውን ይቁጠር፤ መድኃኒት ካለውም የሚወስድበትን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን መደሰት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት መሸነፍ

በሰባት ቀን ሦስት ኪሎ ቢቀንስ ብዙው ውሃ ነው። ሰውነት ያጠራቀመውን ስኳር ሲጨርስ ከሱ ጋር የተያዘው ውሃ ይወጣል። ራስ ምታቱና ድካሙም ከዚሁ ከውሃና ከጨው መውጣት የመጣ ነው። ግፊት የሌለበት ሰው የአጥንት ሾርባ በጨው ቢጠጣ ይሻለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ባብዛኛው ያልፋል።

ቅቤውን አለመቁጠር፣ ደሙን አለማስመርመር

አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪና 7 ግራም የሚሆን የሚረጋ ቅባት አለው። በካርቦሃይድሬት ስለማይቆጠር ብቻ በጭልፋ ማድረግ ልክ አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ መጥፎው ኮሌስትሮል በዚህ አመጋገብ በጣም ይጨምራል፤ ሌላው ላይ ምንም አይልም። አስቀድሞ አይታወቅም። ሳትጀምሩ የደም ስኳር፣ የኮሌስትሮል፣ የኩላሊትና ሪህ የሚያመጣውን የዩሪክ አሲድ ምርመራ አድርጉ። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሐኪም ብዙ ይገባዋል።

ቋሊማና የታሸገ ሥጋ ላይም አትደገፉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቀይ ሥጋንም "ሳያመጣ አይቀርም" በሚለው ውስጥ አስገብቶታል።

ከመሶቡ መሸሽ

ጎንደር ላይ ለብቻ መብላት ይከብዳል። ትሪው አንድ ነው። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ሲባል እምቢ ማለት ያስቀይማል። አጎቴ መጀመሪያ ላይ ለብቻቸው ሳህን አስቀርበው ጓዳ መብላት ጀምረው ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆዩበትም። ሰው አጥተው ነው ያቋረጡት።

አሁን ከሁሉም ጋር ይቀርባሉ። አክስቴ በእሳቸው በኩል ጎመኑን፣ አይቡንና ሥጋውን ታበዛለች፤ እንጀራው ግማሽ ነው። እንግዳ ከመጣ ቀድማ ትናገራለች፤ ጉርሻቸው ከወጡ እንጂ ከእንጀራው አይብዛ ትላለች። ሰውም ይረዳል። ኪኒናውን ሐኪሙ ቀንሶላቸዋል፤ ጾም በገባ ቁጥር መለኪያውን ይዘው እንዲመጡ ነግሯቸዋል። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ በስስ እንጀራ የተጠቀለለ ብዙ ጎመን ነበር።